የመናገሻ ዘር፣ አንድ ቀሪ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ ሃያ ሁለት ፎቅ ሕንፃ መዝገብ ላይ፣ በነሐሴ 2082 የመጨረሻ ቅዳሜ ስለደረሰው ንክሻ ሁለት ቃሎች ተጽፈዋል።

የማርኮን ናትናኤል ቃል እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ጣሪያው ላይ ነበርኩ። ጉም ነበር። ውሻዬን ዶፍን በጉልበቶቼ መሀል ይዤ ሳሙና እየቀባሁት ነበር። እትዬ ሶሊያና ሲጮሁ ሰማሁ። ዶፍ ከእጄ አልወጣም። የትኛው ውሻ እንደነከሳቸው አላየሁም፤ ስላላየሁም አልናገርም።»

የዮቶር በረከት ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ጣሪያው ላይ ነበርኩ። ጉም ነበር። እትዬ ሶሊያና ሲጮሁ ዞር አልኩ። ከውሃ ታንከሩ በኩል እየሮጠ ሲመለስ ያየሁት የማርኮንን ውሻ ዶፍን ነው። የኔ ውሻ ቡላ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።»

ሁለቱን ያነበበ ነዋሪ ሁሉ ያመነው ሁለተኛውን ነው። ለማመንም ብዙ አልተቸገረም። ዶፍ በዘጠነኛ ፎቅ ኮሪደር ሲያልፍ ሰው በሩን መለስ አድርጎ የሚያሳልፈው ውሻ ነው። ቡላ ደግሞ ሌባ ቢመጣ ሻንጣውን ይዞ እስከ በር ይሸኘዋል እየተባለ ይቀለድበታል። ዮቶርም ቢሆን የአውቶቡስ መስመሮችን የሰዓት ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ አሥራ አምስት ዓመት የቆየ፣ አንዲት ደቂቃ አዛብቶ የማያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ጎድሎት ይዋሻል?

ዮቶር ግን ዋሽቷል።

ዘበኛ የሚባል ሥራ ከከተማው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ውሻ የሌለው ሕንፃ ኢንሹራንስ አይገባም፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሕንፃ ውሃ አይለቀቅለትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቅ በተራ ውሻ ያሰማራል፤ ተራ የደረሰው ቤት ውሻውን ከነአንገት ማሰሪያው በሩ ላይ ያቆማል። ማሰሪያው ውሻው የት እንደዋለ፣ ስንት ጊዜ እንደጮኸ፣ ልቡ እንዴት እንደመታ ሁሉን ይመዘግባል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሊፍቱ ውስጥ ያለው ድምፅ የዕለቱን አየር ከመናገሩ በፊት የዘሮቹን ቀሪ ያነባል። አንድ የውሻ ዘር ሲመዘገብ አሥራ ሁለት ነጥብ ይሰጠዋል። ከዘሩ አንዱ ሰው በነከሰ ቁጥር አንድ ይቀነሳል። ነጥቡ ሲያልቅ ነጭ መኪና በየሕንፃው እየዞረ ዘሩን በሙሉ ይሰበስባል። ተሰብስበው የት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ የለም። በሰባት ዓመት ውስጥ አራት ዘሮች እንዲህ አልቀዋል።

የመናገሻ ዘር ከሁሉም ይቆያል ተብሎ ነበር። አንዲት የእንስሳት ሐኪም ያራቧቸው ለዓይነ ስውራንና ለአዛውንት መሪ እንዲሆኑ ነው፤ ትልቅ ጭንቅላት፣ አመድ የመሰለ ፀጉር፣ ረጋ ያለ እርምጃ። ከዚያ አንዳንድ ጎልማሶች ያ ትልቅ ጭንቅላት ጥርሱን ሲገልጥ ምን እንደሚመስል ደረሱበት። ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ እያጎረሱ፣ ቀን ቀን ጨለማ ክፍል እየዘጉ፣ ጎማ አንጠልጥለው እያስነከሱ አሳደጓቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለቱ ነጥብ ወደ አንድ ወረደ። አሁን ሊፍቱ በየጠዋቱ «የመናገሻ ዘር፣ አንድ ቀሪ» ይላል። የዘሩ ማሰሪያዎች ሁሉ ቀይ ያበራሉ፤ የነከሰውም ያልነከሰውም።

ዮቶርና ማርኮን ቡችሎቻቸውን የወሰዱት በአንድ ቀን፣ ከአንዲት እናት ነው። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ማርኮን ዶፍን ጣሪያ ላይ ጎማ አስነከሰው፤ ከጠፉት ነጥቦች ሁለቱ በዶፍ የመጡ ናቸው። ዮቶር ቡላን ምንም አላስተማረውም፤ ቡላ የተማረው ነገር ቢኖር እንግዳ ሲመጣ አፍንጫውን ጭኑ ላይ ማሳረፍ ነው።

ዮቶር ፍትሕ ያለ መስሎት ጠበቀ። ሁለት ሰው ያስነከሰ ሰው ይታፈራል፣ ይገለላል ብሎ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ማርኮን ሊፍት ውስጥ ሲገባ ሰው ጥግ ይይዝለታል። የሕንፃው ኮሚቴ የዋናውን በር ጥበቃ ለዶፍ ሰጠው፤ ለዚያም ሲባል ማርኮን ከሌላ ተራ ሁሉ ነፃ ሆነ። ሰዎች ጠዋት ሲገናኙት መጀመሪያ ለውሻው፣ ቀጥሎ ለሱ ሰላምታ ይሰጣሉ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ሊፍት ውስጥ ዮቶርንና ቡላን አይታ «ውይ፣ እናንተ ናችሁ እንዴ? እኔ እኮ ዶፍ መስሎኝ ደንግጬ!» ብላ በእፎይታ ሳቀች። ዮቶርም አብሯት ሳቀ።

ይህን ሁሉ ይችለው ነበር። ያልቻለው የያኔትን ነው።

ሚስቱ ያኔት ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ትውላለች። አውቶቡሷ ፌርማታው ላይ የሚደርሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ ሰዓቱን ያወጣው ራሱ ዮቶር ነው። ከፌርማታው እስከ ሕንፃው በባዶ መጋዘኖች መሀል ስምንት ደቂቃ ያስኬዳል። ያኔት ግን ቤት የምትገባው ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ነው።

«ምን ያቆይሻል?» አላት አንድ ቀን፣ እንደዋዛ።

«ማርኮንን ስጠብቅ ነዋ። እሱም የሚመጣው በሚቀጥለው አውቶቡስ ነው። ዶፍ እዚያው ፌርማታው ድረስ ሄዶ ይቀበለዋል፣ አላየኸውም?»

«ቡላን ይዤ ልቀበልሽ አላልኩሽም?»

«ዮቲ ደግሞ! ባለፈው ይዘኸው መጥተህ ያ ሰካራም ጆሮውን ሲጎትተው ምን አደረገ? እጁን ላሰው።» ሳቀች። «ከዶፍ ጋር ስሄድ መንገዱ የኔ ነው። ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም።»

የሳቀችው በክፋት አልነበረም። ዮቶርም ያውቃል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በየማታው መስኮቱ ላይ መቆም ለመደ። ከታች ከመጋዘኖቹ መሀል መጀመሪያ ቀይዋ መብራት ብቅ ትላለች፤ ከኋላዋ ሁለት ሰዎች። ዮቶር ርቀታቸውን ይለካል። ሰኞ በመሀላቸው አንድ ሰው ያሳልፍ ነበር። ሐሙስ አያሳልፍም። ማርኮን በእጁ እየጠቆመ አንድ ነገር ያወራል፤ ያኔት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ምን ብሏት ይሆን? ቤት ስትገባ ይጠይቃታል፤ «ምንም፣ ተረት ነው» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ምንም ያልሆነ ተረት ሰውን ሆዱን አስይዞ እንደማያስቅ ይሰማዋል።

በሰኔ ማርኮን ያረጁ ልብሶቹን በማዳበሪያ ሞልቶ «የፈለገ ይውሰድ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠ። ሰው በሌለበት ዮቶር እጁን ሰድዶ አንድ ቡናማ ሹራብ አወጣ። ለምን እንዳወጣው ለራሱም አልነገረውም። የነገረው ምድር ቤት ከወረደ በኋላ ነው።

ምድር ቤት ያለው የድሮ ጄኔሬተር ክፍል ግድግዳው ወፍራም ነው፤ እዚያ ሲገቡ የአንገት ማሰሪያው አይሰማም፣ መብራቱም ይጠፋል። ዮቶር ሹራቡን በስፖንጅ ሞልቶ ከቱቦ ላይ አንጠለጠለው። የሕንፃው ሰው ሥራ በሚውልበት በምሳ ሰዓት፣ ለአርባ ቀን ያህል፣ ከሥራ ሾልኮ እየመጣ ቡላን ይዞ ወረደ። መጀመሪያ ቡላ ሹራቡን አሽትቶ ጅራቱን ቆላ፤ የሚያውቀው ሽታ ነው፣ የጎረቤት ሽታ። ዮቶር አስርቦት መጣ። ሚጥሚጣም ሞከረ፤ ቡላ አስነጠሰና ዓይን ዓይኑን አየው። ዮቶር ያን ቀን ሊተወው ነበር። ማታ መስኮቱ ላይ ቆሞ ሁለቱን ሲመጡ አየና በማግስቱ ተመልሶ ወረደ። በሦስተኛው ሳምንት ቡላ ሹራቡን ነክሶ ጎተተ፤ ቀድዶ ያመጣውን ቁራጭ እግሩ ሥር ሲያስቀምጥ ዮቶር ቋንጣ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ። ነክሶ፣ ቀድዶ፣ አምጥቶ፣ ቋንጣ።

ዮቶር ሰው ይነከስ አላለም። ይህን ለራሱ በየቀኑ ይለው ነበር። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ማታ፣ ያኔት ባለችበት፣ ቡላ ወደ ማርኮን ያጉረምርምና ማርኮን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበል። አንድ እርምጃ ብቻ። እርምጃውን አልጋው ላይ ሆኖ ደጋግሞ ያየው ነበር።

በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ጣሪያው ላይ ለውሾች ማጠቢያ ውሃ ይለቀቃል። ለአንድ ሰዓት ማሰሪያዎቹ ሁሉ ወልቀው ቀይ ሳፋ ውስጥ ይጨመራሉ። በሕንፃው ውስጥ ማንም የማይመዘገብባት ሰዓት ይህቺ ብቻ ናት፤ ለዚያም ይመስላል ሰው የሚወዳት። ነዋሪው ሱሪውን ጠቅልሎ አረፋ ይራጫል፣ ይጯጯኻል፣ ይሰዳደባል። ቧንቧውንና ሳፋውን የሚጠብቁት እትዬ ሶሊያና ናቸው፤ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ታንከሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ሳሙና የጨረሰ ከጎረቤቱ አይስረቅ!» እያሉ ይቆጣሉ።

የዚያን ቀን ጉሙ ሰውን ከክንድ በላይ አያሳይም ነበር። ዮቶር ቡላን አጥቦ እንደጨረሰ ፎጣውን ለማንሳት ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ቡላ የለም። ከዚያ የእትዬ ሶሊያና ጩኸት መጣ። ከዚያ ቡላ ከጉሙ ውስጥ ሮጦ ወጣ፤ ጅራቱ ይቆላል። እግሩ ሥር አንድ ነገር አስቀምጦ ተቀመጠና ቀና ብሎ ጠበቀ። የቆዳ ጃኬት ቁራጭ ነው፤ ጫፉ ላይ ደም አለ።

ዮቶር ቁራጩን ኪሱ ከተተ። እጁ ደግሞ ሌላውን ኪሱን ዳሰሰና፣ በልማድ፣ ቋንጣውን አውጥቶ ለቡላ ሰጠው።

ሰኞ ዕለት ያኔትና ዮቶር ብርቱካን ገዝተው እትዬ ሶሊያናን ሊጠይቁ ወረዱ። ክንዳቸው እስከ ትከሻ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እንኳን ክንዴን ሆነ» አሉ። «ፊቴን ቢሆን ማን ያገባኝ ነበር?»

«እትዬ፣ አሁንም ይቀልዳሉ!» አለች ያኔት።

«ምን ላድርግ ልጄ? ጃኬቱ ባይኖር አጥንቴን ያገኘው ነበር አለኝ ሐኪሙ። የማርኮን ጃኬት ነው፤ ከዚያ ኮሪደር ላይ ካስቀመጠው ማዳበሪያ የወሰድኩት። ሳላጥበው ለብሼው፣ አንድ ክረምት እንኳ ሳያደርሰኝ ነፍሱ ወጣ።»

ዮቶር ብርቱካን መላጥ ጀምሮ ነበር። እጁ ቆመ። ቡላ እትዬ ሶሊያናን አላየም። ያሸተተውን ነው የያዘው። የተማረውን ነው የሠራው።

«ውሻውን አላዩትም?» አለ።

«ከኋላ ነው የመጣው። አመድማ ጀርባ አየሁ። ሁለቱም አመድማ ናቸው፣ ምን ብዬ ልለይ?» ፋሻቸውን አስተካከሉ። «ሊፍቱ ዛሬ ጠዋት ‘ቀሪ የለም’ አለ አሉኝ። እውነት ነው? አንዱ እኔን ስለነከሰ በከተማው ያሉት ሦስት መቶ አሥራ ስምንቱም ሊሰበሰቡ ነው? ለሰው ዘር መቁጠር ቀረ ብለን እፎይ ስንል ለውሻ ጀመርን።»

ዮቶር ያን ጠዋት ሊፍት አልተሳፈረም፤ በደረጃ ነበር የወረደው። ቃሉን ሲሰጥ ያሰበው ስለ ማርኮን ብቻ ነው። የሰዓት ሠንጠረዥ የሚያሰላ ሰው፣ በዶፍ ላይ የተጻፈ ንክሻ በቡላም ላይ እንደሚጻፍ ሳያሰላ ቀርቶ ነበር። ያየው የማርኮንን ፊት ነው፤ ዘሩን አላየም።

መውጫው አንድ ነበር። ባለቤቱ በነዋሪው ፊት ቆሞ ውሻውን ለንክሻ ያለማመድኩት እኔ ነኝ ብሎ በአፉ ከተናገረ፣ ነጥቡ ከዘሩ ላይ ተነሥቶ በሰውየው ላይ ይጻፋል። ውሻው ብቻ ይወሰዳል። ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን እንስሳ አይይዝም፤ ስሙ ለአንድ ዓመት በየጠዋቱ ሊፍት ውስጥ ከነጥፋቱ ይነበባል። የዘር መዝገብ ሠራተኛዋ ረቡዕ ከሰዓት ትመጣለች። እስከዚያ የተናገረ ከሌለ ሐሙስ ነጩ መኪና ይመጣል። ሕንፃው በሙሉ ማርኮን ይናገር ዘንድ ይጠብቅ ጀመር። ዮቶርም አብሮ ጠበቀ።

በዚያው ማታ ያኔት «ዛሬ ቡላን ይዘህ ና» ብላ ደወለችለት። «ማርኮን ጋ አልቆምም። ምን ብዬ?» ዮቶር ፌርማታው ላይ ከሃያ ደቂቃ በፊት ደርሶ ቆመ። ስትወርድ ክንዱን ያዘችው። «አንተ ባታየው ኖሮ እኮ ማንም አይናገርም ነበር» አለችው። ስድስት ወር ሲመኘው የነበረው መንገድ፣ ስምንት ደቂቃ፣ ክንዱ ላይ እጇ። ዮቶር እርምጃውን ቀነሰ።

ከሕንፃው በር ላይ ማርኮን ብቻውን ቆሞ ነበር። ዶፍ ከቅዳሜ ጀምሮ ቤት ተዘግቶበታል።

«እንደምን አመሻችሁ» አለ ማርኮን።

ቡላ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ከደረቱ ውስጥ ወፍጮ የመሰለ ድምፅ ወጣ፤ ከንፈሩ ተገለጠ። ማርኮን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ዮቶር አልጋው ላይ ሆኖ ያየው እርምጃ ይኸው ነበር፤ ያኔትም ቆማ አይታዋለች። ደስ ሊለው ሲል የማርኮንን ዓይን አየ። ማርኮን የሚያየው ውሻውን አልነበረም፤ ዮቶርን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ማርኮን ዮቶርን ኮሪደር ላይ ጠበቀው።

«አንተ ሰውዬ» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቡላ መቼ ነው ማጉረምረም የጀመረው?»

«ውሻ ነው። ያጉረመርማል።»

«ቡላ? ቡላ እኮ እኔ ቤት ሶፋ ላይ ነው ያደገው። ስማኝ ዮቶር፣ ዶፍን ሁለት ዓመት ሙሉ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የተበላሸ ውሻ ሳይ እለያለሁ። ደግሞ ለኔ ነው ያጉረመረመው፤ ሌላ ሰው ሲያልፍ ዝም ብሏል።»

«ታዲያ ነገ ስብሰባው ላይ ተናገራ።»

«ማን ያምነኛል? አንተ ሁሉም የሚያምንህ ሰው ነህ፤ እኔ ሁለት ሰው ያስነከስኩ ነኝ።» ማርኮን በሩን ገፍቶ ዶፍ አፍንጫውን እንዳያወጣ በእግሩ ከለከለው። «ምን አደረግሁህ ግን? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ዮቶር ወደ ደረጃው ዞረ። ቢመልስለት የሚለው «ሚስቴን ታስቃታለህ» ነው። አርባ ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ብሎ አይናገርም።

«ሥራ ረፍዶብኛል» አለና በደረጃው ወረደ።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ የምድር ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ከመዝገቡ የመጣችው ወይዘሪት ሄመን የምትባል፣ ትሕትና ያላትና የደከማት ወጣት ነበረች። እትዬ ሶሊያና ፋሻቸውን ታቅፈው ፊት ተቀምጠዋል። ያኔት ከዮቶር ጎን፣ ክንዱን ይዛ።

ሄመን ሁለቱን ቃሎች አነበበች። ከዚያም «የባለቤት ቃል የሚሰጥ አለ?» ብላ ጠየቀች።

ሁሉም ዞሮ ማርኮንን አየ። ማርኮን ተነሣ።

«እኔ» አለ። «የነከሰው ዶፍ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ የተያዘ ትንፋሽ ሁሉ ባንዴ ወጣ። ዮቶር ግን ወንበሩ ላይ ደረቀ። ማርኮን የሚለው ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ማርኮንም ዮቶር እንደሚያውቅ ያውቃል።

«በምን አለማመዱት?» አለች ሄመን።

«በጎማ። ጣሪያው ላይ። ሁላችሁም አይታችሁኛል፤ አንዳንዶቻችሁም አጨብጭባችሁልኛል።»

«ማንን አስበው?»

«ማንንም። ሰው እንዲፈራኝ ነው። ሲፈሩኝ ደግሞ ያከበሩኝ መሰለኝ። ከዘሩ የጠፉት ሁለት ነጥቦች የኔ ናቸው። ያን ጊዜ ልናገር ይገባኝ ነበር፣ አልተናገርኩም። ሦስት መቶ አሥራ ሰባቱ ምንም አላጠፉም። ከነሱ ውስጥ ዓይን ሆነው ሰው የሚመሩ አሉ። ዶፍን ውሰዱትና እነሱን ተዉአቸው።»

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ እትዬ ሶሊያና፣ በአንድ እጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌላው ተከተለው።

የያኔት እጅ ከዮቶር ክንድ ላይ ተነሣ። አፏን ይዛ ማርኮንን ታየዋለች፤ እንባዋ ጣቶቿ ላይ ይወርዳል። ዮቶር ይህን አስተያየት አያውቀውም። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን እንዲህ አይታው አታውቅም።

ዮቶር ነገሩን አሰላው፤ ማስላት ልማዱ ነው። ዝም ቢል ቡላ ይተርፋል። ዶፍ ይሄዳል። ማርኮን ቀይ መብራት ሳያስቀድም፣ እንደማንኛውም ሰው በዚያ መንገድ ይሄዳል። ስሙ ለአንድ ዓመት በየጠዋቱ ይነበባል። ዮቶር ለወራት የተመኘው ሁሉ በአንድ ከሰዓት፣ ያለ ምንም ድካም፣ እጁ ገብቷል። ስሙ በተነበበ ቁጥር ግን ያኔት ሊፍት ውስጥ ቆማ ትሰማዋለች። በሰማችው ቁጥር ይህን ፊት ታመጣለች። ማርኮን በሐሰት የወሰደው ጥፋት እንኳ ከዮቶር ዕድሜ ልክ ጨዋነት የበለጠ አማረበት። ጥፋቱ ደግሞ የዮቶር ነው። የራሱን ነገር፣ ይህቺን አንዷን እንኳ፣ ማርኮን ወሰደበት።

ደረቱ ውስጥ የሚነድደው ነገር ጸጸት ይሁን ቅናት ለመለየት ሞከረ። አልለይ አለው።

«ሌላ የሚናገር ከሌለ መዝገቡን እዘጋለሁ» አለች ሄመን።

ዮቶር ራሱን ቆሞ አገኘው።

«የነከሰው ዶፍ አይደለም» አለ። «ቡላ ነው። ያለማመድኩት እኔ ነኝ።»

ጭብጨባው ተቋረጠ።

«ቁጭ በል ዮቶር» አለ ማርኮን፣ ቀስ ብሎ። «ነገሩ አልቋል እኮ።»

«አላለቀም። አንተ ደግሞ አትዘንልኝ!» አለ ዮቶር። ወደ ሄመን ዞረ። «በምን ቢሉኝ፣ በማርኮን ሹራብ። እዚሁ ምድር ቤት፣ ጄኔሬተር ክፍል ውስጥ፣ አርባ ቀን። እትዬ ሶሊያና የማርኮንን ጃኬት ለብሰው ስለነበር ነው የያዛቸው። ማንን አስበህ ቢሉኝ፣ እሱን። ሚስቴ ከሱ ጋር እየሳቀች ስትመጣ በመስኮት አይ ነበር። እሱን አስቤ ነው።»

እትዬ ሶሊያና ፋሻቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። ከኋላ የሆነ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ያኔት እጇን ከአፏ ላይ አንሥታ ዮቶርን አየችው። ለማርኮን ያሳየችው ፊት አልነበረም፤ ሌላ ፊት ነው፣ ዮቶር ሊያነበው ያልቻለ። ቀና ብሎ ግን ቻለው።

ሄመን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አቶ ዮቶር፣ ከመዘገብኩ በኋላ መመለስ የለም። የሐሰት ቃልዎም አብሮ ይነበባል። አቶ ማርኮን አስቀድመው ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ለዘሩ አንድ ሰው ይበቃል። እንዳለ ልተወው ወይስ ልሰርዘው? እርስዎ ይንገሩኝ።»

ማርኮን ራሱን ነቀነቀ፤ ተወው እንደማለት። ዮቶር አየውና ዓይኑን መለሰ።

«ይሰርዙት» አለ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማው። «የሱን ይሰርዙና የኔን ይጻፉ። ቡላንም ማንም እንዳይነካብኝ፤ እስከ መኪናው የማደርሰው እኔ ነኝ።»